«አልሸጥልዎትም» የሚል መድኃኒት ቤት

በድሬዳዋ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች፣ ዋሂልም ይሁን ቢዮ አዋሌ ወይም ጀልዴሳ፣ ሰው ሲታመም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ሐኪም ዘንድ አይደለም። ሐኪም ዘንድ መሄድ መኪና መጠበቅ፣ የመሳፈሪያ ገንዘብ መፈለግና ሥራ መፍታት ይጠይቃል። መድኃኒት ቤቱ ግን ገበያው አጠገብ ነው፤ ወረፋ የለውም፤ ሻጩም የሚታወቅ ሰው ነው። በዚህ ምክንያት ያቺ ቆርቆሮ የለበሰች አንዲት ክፍል፣ አሰበችውም አላሰበችውም፣ የአካባቢው የመጀመሪያ የጤና ደጃፍ ሆና ትገኛለች።

ይህን የሚያህል አደራ የተሸከመን ቤት ግን የምንመዝነው እንደ ማንኛውም ሱቅ ነው። የጠየቅነው ካለ፣ ዋጋው ካልናረ፣ ሻጩም ቶሎ ከሸኘን ጥሩ መድኃኒት ቤት ነው እንላለን። በእኔ እምነት ሚዛኑ ተገልብጧል። ስለ አንድ መድኃኒት ቤት ደኅንነት ከመደርደሪያው ይልቅ ብዙ የሚናገረው፣ ሻጩ አንዳንድ ጊዜ «ይህን አልሸጥልዎትም» ለማለት መድፈሩ ነው። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወረቀት እንይ።

ፈቃዱና የፈቃዱ ባለቤት

በኢትዮጵያ መድኃኒት በችርቻሮ የሚሸጡ ቤቶች ለረጅም ጊዜ የታወቁት በሦስት ደረጃ ነው፦ ፋርማሲ፣ የመድኃኒት መደብር እና የገጠር መድኃኒት ቤት። ፋርማሲውን የሚመራው ፋርማሲስት ነው። መደብሩን ከዚያ ባነሰ ደረጃ የሠለጠነ የፋርማሲ ባለሙያ ይይዘዋል። የገጠር መድኃኒት ቤት የሚባለው ደግሞ የፋርማሲ ባለሙያ እንደ ልብ በማይገኝበት ቦታ ሕዝቡ ጨርሶ መድኃኒት እንዳያጣ ሲባል የመጣ አሠራር ሲሆን፣ ነርስ ወይም ሌላ የጤና ባለሙያ ሊይዘው ይችላል። ደረጃው ዝቅ ባለ ቁጥር ቤቱ እንዲይዝ የሚፈቀድለት የመድኃኒት ዝርዝርም ያጥራል። ስለዚህ የገጠሩ ሻጭ «ይህ እኛ ዘንድ አይያዝም፣ ከተማ ይሂዱ» ሲል ቤቱ ባዶ ስለሆነ ነው ብለን አንናቀው። የሚያሰጋው ሊይዝ የማይገባውን ሁሉ ደርድሮ የሚጠብቀን ነው።

የቁጥጥሩ ሥራ ለሁለት የተከፈለ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒትን የሚመዘግበውና ወደ አገር እንዲገባ የሚፈቅደው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የችርቻሮ ቤቶችን ፈቃድና የዕለት ተዕለት ቁጥጥር የያዙት ግን የክልልና የከተማ አስተዳደር የጤና ተቆጣጣሪዎች ናቸው፤ በድሬዳዋ የአስተዳደሩ፣ በሐረር የክልሉ።

ፈቃዱ ደንበኛ በሚያየው ቦታ ይሰቀላል። ቀና ብሎ የቤቱን ደረጃ፣ የታደሰበትን ዓመትና የኃላፊውን ባለሙያ ስም ማንበብ ነውር የለበትም። ዋናው ጥያቄ ግን ስሙ የተጻፈው ሰው አሁን ከባንኮኒው ጀርባ ቆሟል ወይ የሚለው ነው። የሙያ ፈቃድ «ማከራየት» የሚባል ነገር እንዳለ በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወረቀቱ የባለሙያው፣ እጁ የባለቤቱ የእህት ልጅ ይሆናል። ልጁ ቅን ሊሆን ይችላል፤ የእያንዳንዱን ሳጥን መልክና ዋጋ በቃሉ ይዞም ይሆናል። ማን መውሰድ እንደሌለበት ግን ሳጥኑ ፊት ላይ አልተጻፈም፤ እሱን ለማወቅ ትምህርት ያስፈልጋል።

ቆላና መድኃኒት

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ቆላ ናት። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢደርስ ማንም አይገረምም፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። አብዛኛው የመድኃኒት ሳጥን «ከ25 ዲግሪ በታች» ወይም «ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ» የሚል ማሳሰቢያ አለው። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ጣጣው ይቀልላታል፤ ወደ ኤረር ቆላ ሲወረድ ግን ነገሩ ያው ነው።

ሙቀት መድኃኒትን የሚጎዳው ቀስ ብሎ፣ ሳይታይ ነው። በፊንጢጣ የሚሰጠው ሰፖዚተሪ ሲቀልጥ ቢያንስ ራሱን ያጋልጣል። ክኒን ግን ቅርጹም ቀለሙም ሳይለወጥ ጉልበቱን ሊያጣ ይችላል። ገዢው የሚያውቀው «አልሻለኝም» ሲል ነው፤ ያን ጊዜም የሚጠረጥረው በሽታው መክፋቱን እንጂ ክኒኑ ከመስኮት ሥር ወር ሙሉ ፀሐይ ሲመታው መክረሙን አይደለም። ስለዚህ መድኃኒት ከጣሪያው ራቅ ብሎ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ ከመስኮቱ ሸሽቶ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ክፍሉም ኮርኒስና ነፋስ የሚያስገባ ነገር ይፈልጋል። የመጠቀሚያ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ፊት ለፊት ይደረደራል፤ ያለፈበት ደግሞ ከሚሸጠው ተለይቶና ተመዝግቦ ተቆጣጣሪ ባለበት እስኪወገድ ይጠብቃል። ከተማዋን በሚያቋርጠው በደቻቱ ወንዝ ውስጥ አይጣልም።

የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉት ኢንሱሊን ለብቻው መነሣት አለበት። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ለዚህ ማቀዝቀዣ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ሻጩ ሊያወጣልን በሩን ሲከፍት ዓይናችንን ወደ ውስጥ እንወርውር። ከኢንሱሊኑ ጎን የለስላሳ ጠርሙስና የምሳ ዕቃ ከተቀመጠ፣ ያ በር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፈት መገመት አያዳግትም። ውስጡ ቴርሞሜትር፣ በሩ ላይ ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሞላ የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት መኖር አለበት። ወረቀቱን ካገኙት ጠጋ ብለው ይዩት። በእውነት የተመዘገበ ሙቀት ቁጥሩ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ብዕሩ ይለያያል፣ መብራት የጠፋበት ቀን ያስታውቃል። ወሩን ሙሉ በአንድ ብዕር፣ በአንድ የእጅ ጽሑፍ «5፣ 5፣ 5» ተብሎ የተሞላ ወረቀት ለተቆጣጣሪ የተዘጋጀ ነው።

ቅዝቃዜ ሲበዛም ይጎዳል። አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቀልጦ ቢመለስም አያገለግልም፤ ከበረዶ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ መቀመጥ የለበትም። ሕመምተኛው ቤት ውስጥ የከፈተውን ብልቃጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ለ4 ሳምንት ያህል መጠቀም ይችላል፤ ትክክለኛው ገደብ በየዓይነቱ ስለሚለያይ ሻጩ ከሳጥኑ አንብቦ መንገር አለበት። ማቀዝቀዣ ለሌለው ሰው ትንሹን ማሰሮ በትልቁ ውስጥ አድርጎ መካከሉን በረጠበ አሸዋ መሙላት ይረዳል። አየሩ ደረቅ በሆነበት አገር የሚተነው ውኃ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ እንስራ ውኃ የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ መንገድ ነው። ይህን የሚመክር የገጠር ሻጭ ካጋጠመዎት ሥራውን የሚያውቅ ነው።

ትኩሳት በድሬዳዋ

በሌላ አገር «ለትኩሳት የሚሆን ስጠኝ» ማለት ቀላል ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ድሬዳዋ ላይ አይደለም። በኢትዮጵያ በትንኝ የሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2013 በዚህች ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ሌላው በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ፣ ቺኩንጉንያ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይዞ አልጋ ላይ ጣለ። በ2022 ወባ በሚቀንስበት በደረቁ ወቅት የወባ ወረርሽኝ ተነሣ፤ አጥኚዎች ያያያዙት ከአኖፊለስ ስቴፈንሲ ጋር ነው። ይህች ትንኝ ከእስያና ከዓረብ ምድር ወደ አፍሪቃ የገባች ስትሆን በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች።

ሦስቱም በሽታዎች ሲጀምሩ ይመሳሰላሉ፦ ድንገተኛ ትኩሳት፣ የራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም። ሕመምተኛው የሚጠይቀው ደግሞ የታወቀ ነው፤ «ዳይክሎፌናክ» ይላል፣ ወይም ኢቡፕሮፌን፣ ወይም አስፕሪን። ቁርጥማቱን ቶሎ ስለሚያስታግሱ ሰው ይወዳቸዋል። ትኩሳቱ የደንጊ ከሆነ ግን ጉዳት ያመጣሉ። ደንጊ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕሌትሌቶች ያሳንሳል፤ እነዚህ መድኃኒቶች ደግሞ የፕሌትሌትን ሥራ ያደናቅፋሉ፣ ጨጓራንም ያቆስላሉ። ሁለቱ ሲደራረቡ መድማት ይመጣል። ደንጊ እስካልተወገደ ድረስ ለትኩሳትና ለሕመም የሚሰጠው ፓራሲታሞል ነው፤ እሱም ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ክኒን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 መብለጥ የለበትም፤ የጉበት ሕመም ላለበት ደግሞ ከዚያ ያንሳል።

ሻጩ ሌላም ነገር መናገር አለበት፤ ብዙዎች የሚዘነጉት ነው። በደንጊ አደገኛው ሰዓት ትኩሳቱ ሲበርድ ነው። ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳቱ ወርዶ ሕመምተኛው ዳነ ሲባል፣ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ መቅበጥበጥ ወይም መፍዘዝ ከታየ ድልጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል፣ ሐረር አካባቢ ከሆነም ሕይወት ፋና ወይም ጁገል ሆስፒታል በፍጥነት መድረስ ያስፈልጋል። በትኩሳት መውረድ እፎይ ያለ ቤተሰብ ይህን ካልተነገረው ከየት ያውቀዋል?

ወባንም ቢሆን በግምት ማከም ቀርቷል። በጤና ኬላ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ሩብ ሰዓት ገደማ በሚፈጅ ፈጣን ምርመራ ይለዩታል። ሳይመረመሩ «የወባ ስጪኝ» ላለ ሰው ትክክለኛው አገልግሎት ወደ ጤና ኬላው መምራት ነው። ተመርምሮ ለመጣው ደግሞ አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን እንዴት እንደሚወሰድ በደንብ ማስረዳት ይገባል። መድኃኒቱ በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ ይወሰዳል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ። 35 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው በእያንዳንዱ ጊዜ 4 ክኒን ነው፤ ልጆች በክብደታቸው ስለሚለካላቸው ቤቱ ሚዛን ያስፈልገዋል። ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲወሰድ ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። በሁለተኛው ቀን «ተሽሎኛል» ብሎ የተረፈውን ለጎረቤት ማስቀመጥ ሁለቱንም ይጎዳል።

ባለ ሁለት ቀለሟ

የሚከተለውን ዓይነት ምልልስ በማንኛውም የገበያ ቀን መስማት ይቻላል።

«ልጄ፣ ያቺን ባለ ሁለት ቀለሟን ስድስት ፍሬ ስጪኝ።»

«ለማን ነው አባባ?»

«ለራሴ። እግሬ ላይ ቁስል አለ፤ ፈትቼ ልበትንበት።»

«ቁስሉ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ከፋሲካ በፊት ጀምሮ።»

«ሽንት ቶሎ ቶሎ ያስኬድዎታል? ውኃ ውኃ ይልዎታል?»

ባለ ሁለት ቀለሟ የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ናት፤ ሰውየው የመጡት ውስጧ ያለውን ዱቄት ቁስል ላይ ሊነሰንሱ ነው። ዱቄቱ ለመዋጥ የተሠራ እንጂ ለቁስል አይደለም፤ ቁስሉ ላይ ይጋገራል፣ የሰውነት ቁጣም ሊቀሰቅስ ይችላል። ሳምንታት ያለፈው የማይደርቅ የእግር ቁስል ደግሞ የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። ልጅቷ ስድስቱን ፍሬ ብትሸጥ ጥቂት ብር ታገኛለች፤ አባባም መርቀዋት ይሄዳሉ። «አልሸጥልዎትም፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄደው ስኳርዎን ይለኩ» ብትል ግን እግራቸው ሊተርፍ ይችላል። ምናልባት ተቆጥተው ማዶ ወዳለው ይሻገሩ ይሆናል።

ሕግ ማክበር አስቸጋሪ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። እምቢ ያለው ቤት ገበያ ያጣል፤ የሸጠው ያገኛል። አንዱ ብቻውን ሕግ ቢያከብር ኪሳራው የሱ ነው፤ ሁሉም ሲያከብሩ ብቻ ነው ማንም የማይከስረው። ስለዚህ ቁጥጥር ጠንካራ ሲሆን የሚጠቀመው በመጀመሪያ ሐቀኛው ነጋዴ ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ አብረው የሚያጉረመርሙ ሐቀኛ ባለ መድኃኒት ቤቶች ለምን እንደሚያጉረመርሙ አይገባኝም።

አንቲባዮቲክ በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጥበት ምክንያት ከአንዱ ሕመምተኛ አልፎ መንደሩን ስለሚነካ ነው። ለጉንፋን አሞክሲሲሊን፣ ለማንኛውም ተቅማጥ ሜትሮኒዳዞል፣ ለሽንት ማቃጠል ሁለት ቀን ሲፕሮፍሎክሳሲን ሲሸጥ በሰውየው ውስጥ ያሉት ደካማ ጀርሞች ይሞታሉ፣ መድኃኒቱን የቻሉት ይተርፋሉ፣ ይራባሉ፣ ወደ ሌላ ሰው ይሻገራሉ። በሚቀጥለው ዓመት የጎረቤት ሕፃን የሳንባ ምች ሲይዘው ያው ርካሽ መድኃኒት አይሠራም። ለሕፃን ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ የሚበጠበጠው ኦ.አር.ኤስ.ና ለ10 ቀን የሚሰጥ ዚንክ ነው። ሁለቱ ከመደርደሪያው ጠፍተው አንቲባዮቲኩ ሞልቶ ከታየ ቤቱ ምን እንደሚያስቀድም ራሱ ይናገራል።

እምቢ ሊባሉ ከሚገባቸው ውስጥ ዴክሳሜታዞን አለ፤ ወጣት ሴቶች «ለመወፈር» ይፈልጉታል። ፊት ያሳብጣል እንጂ አያፋፋም፤ የደም ስኳር ያወጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ከረጅም ጊዜ አጠቃቀም በኋላ በድንገት ሲቆም ደግሞ ሕይወት እስከ ማሳጣት ይደርሳል። እንቅልፍ የሚያመጡት ዲያዜፓምና መሰሎቹ በልዩ ማዘዣ ብቻ የሚወጡ ናቸው፤ ስለነሱ ክርክር የለም።

ማዘዣ ይዞ የመጣውም ቢሆን ዝም ብሎ አይሸኝም። በአገራችን መደበኛ ማዘዣ ጀርባ ላይ ለሻጩ የተጻፈ መመሪያ አለ፦ ሕጋዊነቱንና የተሟላ መሆኑን አጣራ፣ ከተጠራጠርክ ጸሐፊውን ጠይቅ፣ የተስተናገደውን ማዘዣ ቢያንስ 2 ዓመት አስቀምጥ። ሻጩ ስልክ አንሥቶ ሐኪሙን «ይህ መጠን ትክክል ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አላወቀበትም አይባልም፤ እንዲያውም እንዲህ ያለውን ሰው አልለቀውም።

ፖስታው ላይ የተጻፈው

ክኒን የሚቆጠረው በመዳፍ ሳይሆን በመቁጠሪያ ሰሌዳና በማንሻ ነው። ሰሌዳው ከአንዱ መድኃኒት ወደ ሌላው ሲታለፍ ይጠረጋል፤ የፔኒሲሊን ብናኝ ለሚቆጣው ሰው ትንሿም አደጋ ናት። ከዚያ ክኒኑ ትንሽ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ይገባል፤ ፖስታው ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «1×3» ብቻ ነው። ይህች ምልክት ለባለሙያው ግልጽ ናት። ማንበብ ለማይችል ወይም ቁጥር ብቻ ለሚያነብ ሰው ግን አንድ ጊዜ ሦስት፣ ሦስት ጊዜ አንድ፣ ለሦስት ቀን አንድ ልትሆን ትችላለች። የተሟላ ፖስታ የሕመምተኛውን ስም፣ የመድኃኒቱን ስምና ጥንካሬ፣ ስንት፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ቀን እንደሚወሰድ፣ መቼ እንደሚያልፍበትና ማስጠንቀቂያ ካለው ማስጠንቀቂያውን ይይዛል። «በየ8 ሰዓቱ» ከማለት «ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት» ማለት ይሻላል።

በዚህ አካባቢ ደግሞ ደንበኛው ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ተናጋሪ፣ ፖስታው በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ መሆኑ የተለመደ ነው። ፀሐይና ጨረቃ መሳል ሥራውን ያቀልላል። በቋንቋው ማስረዳት፣ ከዚያም «እስቲ ቤት ሄደው እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ብሎ መልሶ ማስነገር ግን ከሁሉ ይበልጣል። «ገባዎት?» ለሚለው ጥያቄ ሁሉም ሰው «አዎ» ነው የሚለው።

ስለ አወሳሰድ ሲነገር የድሬንና የሐረርን ኑሮ መዝለል አይቻልም። በረመዳን ቀን ቀን የማይወሰድ መድኃኒት ካለ ሻጩ ሳይጠየቅ ማንሣት አለበት፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደው ከሱሑርና ከኢፍጣር ጋር ሊገጥም ይችላል፣ ሦስት ጊዜ የሚወሰደው ግን ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይጠይቃል። ጫትም አለ። በየመን በተደረገ ጥናት ጫት እየተቃመ የተወሰደ አምፒሲሊን ወደ ደም የሚገባው መጠን መቀነሱ ታይቷል፤ አሞክሲሲሊን ላይ ተጽዕኖው ያነሰ ነበር። የጥናቱ ምክር ከቃሙ 2 ሰዓት ቆይቶ መውሰድ ነው። የከሰዓት በኋላው መጠን ልክ በርጫው፣ ማለትም ጫት የመቃሚያው ጊዜ፣ ሲጀመር ስለሚደርስ ጉዳዩ ለእኛ የንድፈ ሐሳብ አይደለም። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ጫት ግፊትን እንደሚያወጣ በጨዋ ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ሻጩ ራሱ ጉንጩን ወጥሮ ቢሆንም እንኳ።

ወተት ደግሞ አንዱን ይረዳል ሌላውን ያሰናክላል። የወባውን መድኃኒት ከወተት ጋር ውሰድ ተብሏል፤ ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ግን በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም ይዞ ያስቀራቸዋል። የግመል ወተት ዋና ምግባቸው የሆነ ቆላማ ቤተሰቦች ይህን ካልተነገራቸው መድኃኒቱን ገዝተው ሳይጠቀሙበት ይቀራሉ። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ መሆኗን መጠየቅም የግድ ነው፤ ለቪቫክስ ወባ የሚሰጠው ፕሪማኩዊን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

የሕፃናት ሽሮፕ ለብቻው ጣጣ አለው። ዱቄቱ በጠርሙስ የሚመጣው አንቲባዮቲክ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ምልክቱ ድረስ ይበጠበጣል፤ አረፋው ሳይወርድ ደረሰ ከተባለ ውኃው ያንሳል፣ መጠኑ ይበዛል። የተሻለው ቤቱ ራሱ በጥብጦ መስጠቱ ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው እንደ ዓይነቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ቢሆን ነው። መለኪያው አብሮት የመጣው ክዳን ወይም መርፌ አልባ ሲሪንጅ እንጂ የወጥ ማንኪያ አይደለም።

2024 መቼ ነው?

ሳጥኑ ላይ ያለው የመጠቀሚያ ጊዜ የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። «03/2024» የሚል ካለ እስከ መጋቢት 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ያገለግላል ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ያነበበው ግን ገና ኅዳር 2024 ስላልደረሰ ከሰባት ዓመት ተኩል የሚበልጥ ዕድሜ ይጨምርለታል። ያለፈበትን መድኃኒት ለመሸጥ ከዚህ የበለጠ ምቹ ግራ መጋባት የለም፤ ሻጩ አውቆ ባያደርገውም ገዢው ቤቱ ውስጥ አስቀምጦ ዓመታት ይጠቀምበታል። ስለዚህ ፖስታው ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተቀይሮ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። ክኒኑ ከሳጥኑ ወጥቶ ተቆርጦ ከተሰጠዎትም የጊዜው ጽሑፍ ያለበት ጫፍ የትኛው እንደሆነ ይዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ሻጩ ጋ ነው።

የጅቡቲና የሶማሌላንድ መስመር ቅርብ በመሆኑ የኮንትሮባንድ መድኃኒትም በአካባቢው ያጋጥማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ከ10 የሕክምና ምርቶች አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው። «የውጭ ነው፣ ይበልጣል» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። መድኃኒቱ እውነተኛ ነው እንበል፤ በሸራ ሥር፣ በጭነት መኪና፣ በዚያ በረሃ ስንት ቀን እንደተጓዘ የሚያውቅ የለም። ሕጋዊ ቤት ከየትኛው አከፋፋይ እንደገዛ የሚያሳይ ደረሰኝ አለው። የሳጥኑና የውስጡ የምርት መለያ ቁጥር ካልተመሳሰለ፣ ማሸጊያው ከተነካ፣ ስሙ ላይ የፊደል ግድፈት ካለ ወይም ዋጋው ከሌላው ሁሉ በእጅጉ ከረከሰ መጠራጠር ይገባል።

የመንደር ምሥጢር

በከተማ መድኃኒት ቤት ማንም ማንንም አያውቅም። በገጠር ግን ሻጩ የአክስት ልጅ ነው፣ ከኋላ የቆመችው የአማች እህት። በዚህ ሁኔታ የቲቢ መድኃኒት፣ የኤችአይቪ ጉዳይ ወይም የወሊድ መከላከያ በባንኮኒ ላይ ጮክ ብሎ መጠራት የለበትም። ድንገተኛ የወሊድ መከላከያ በ72 ሰዓት ውስጥ መወሰድ አለበት፤ በቶሎ ሲወሰድ ደግሞ የበለጠ ይሠራል። ስሟ እንዳይወጣ ፈርታ ሁለት ቀን የቆየች ልጅ ዕድሉን አጥባለች። መጋረጃ፣ ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ቦታ፣ ወይም «እስቲ ወደዚህ ጠጋ በይ» ማለት በቂ ነው፤ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሻጩ በየቡናው የደንበኛውን በሽታ የሚያወራ ከሆነ ግን ሌላው ሁሉ ቢሟላም ሰው ወደ ኮንትሮባንዱ ይሄዳል፤ እዚያ ቢያንስ ማን እንደገዛ አይጠየቅም።

አንድ ነገር ሲበላሽ

ከመድኃኒት በኋላ ሽፍታ፣ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ያልተጠበቀ ነገር ከመጣ መጀመሪያ ወደ ጤና ተቋም፣ ቀጥሎ ወደ ገዙበት ቤት ይሂዱ። የመድኃኒት ጉዳት የሚመዘገብበት ቢጫ ቅጽ አለ፤ ባለሙያው ሞልቶ ወደ ባለሥልጣኑ ይልካል። ይህ ክስ አይደለም፤ ተመሳሳይ ሪፖርት ከብዙ ቦታ ሲደርስ ነው አንድ የተበላሸ ምርት ከገበያ የሚሰበሰበው። ሐሰተኛ የሚመስል ወይም ያለፈበት መድኃኒት ከሸጡልዎት ደግሞ በነጻ የስልክ መስመር 8482 ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ወይም በአካል ለአስተዳደሩ ወይም ለክልሉ የጤና ተቆጣጣሪ ማመልከት ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሳጥኑ፣ የምርት መለያ ቁጥሩ፣ የተረፈው ክኒንና ደረሰኙ ነው። ደረሰኝ ሳይቀበሉ ከወጡ ክርክሩ የቃል ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ጥቂት ብር ለሚያወጣ ፓራሲታሞልም ቢሆን ይጠይቁ።